የማህጸን በር ዕጢዎች በማይክሮስኮፕ ሲያጠራጥሩ፦ «ፒ16 ፖዘቲቭ» የሚል ውጤት ብቻውን ምን ይነግረናል?

ጥያቄ
ከደብረ ብርሃን፣ ፓቶሎጂስት

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የስፔሻሊቲ ትምህርቴን ከጨረስኩ ሁለት ዓመት ያልሞላኝ ፓቶሎጂስት ነኝ፤ የምሠራውም በሰሜን ሸዋ ነው። ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝን አንድ ናሙና ላማክራችሁ ፈለግሁ። የታካሚዋን ማንነት ሊጠቁሙ የሚችሉ ዝርዝሮችን ለውጫለሁ፤ የሙያው ጥያቄ ግን እንዳለ ነው።

ሴትዮዋ በሠላሳዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ የሚገኙ የአንድ ልጅ እናት ናቸው፤ የመጡትም ከመንዝ በኩል ነው። ከወር አበባ ጊዜያቸው ውጭ ደም ስለታያቸው ሲመረመሩ ከማህጸን በር ቦይ አፍ ላይ ትንሽ ናሙና ተወሰደ። በተለመደው የኤች ኤንድ ኢ ቀለም ስመለከተው ከመደበኛዎቹ ዕጢዎች (ፈሳሽ ከሚያመነጩት ትንንሽ ጉድጓዶች) መካከል አምስት ስድስት የሚሆኑት ጠቆር ብለው ይታያሉ፤ ኒውክለሶቻቸው ረዘም ያሉ፣ የተደራረቡና ቀለማቸው የጠለቀ ነው። ማይቶሲስ (በመከፋፈል ላይ ያለ ሕዋስ) ብፈልግ በናሙናው ሁሉ ያገኘሁት ሁለት ብቻ ነው። አደገኛ ያልሆነ ለውጥ ነው ብዬ ለመፈረም አልደፈርኩም፤ አዲኖካርሲኖማ ኢን ሲቱ (በቦታው ተወስኖ ያለ የዕጢ ካንሰር) ነው ብዬ ለመጻፍም እጄ አልታዘዘኝም።

ስለዚህ የህብረ ሕዋስ ጠቋሚዎች (የተወሰነ ፕሮቲንን በቀለም የሚያሳዩ ምርመራዎች) እንዲሠሩልኝ ብሎኩን (ናሙናው የተያዘበትን ፓራፊን) አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ ላብራቶሪ ላክሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ የደረሰኝ ወረቀት በአንድ መስመር «ፒ16 ፖዘቲቭ፣ ኪ-67 12 በመቶ» ይላል። የተቀቡት ስላይዶች አብረው አልተመለሱም፤ ቀለሙ በየትኞቹ ሕዋሳት ላይ፣ በምን ያህል ስፋትና ጥንካሬ እንደያዘም የተጻፈ ነገር የለም። የሚያክማቸው ሐኪም ወረቀቱን አይቶ «ፖዘቲቭ ከሆነ ካንሰር ነው፣ ማህጸኑ መውጣት አለበት» ብሏል። ሴትዮዋ ግን ሁለተኛ ልጅ ለመውለድ ይፈልጋሉ።

ፒ16 ፖዘቲቭ መሆኑ በዕጢ ሕዋሳት ላይ ያን ያህል ወሳኝ ነውን? 12 በመቶ የሆነ ኪ-67ስ ወደ የትኛው ወገን ይመዝናል? ደግሞስ የምንገኝበት ቦታ ሁሉንም ጠቋሚዎች ለማዘዝ የማይፈቅድ በመሆኑ፣ አንድ ወይም ሁለት ብቻ መጨመር ብችል የትኛውን ልምረጥ? የልምዳችሁን ብታካፍሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ 1
ለረጅም ዓመታት በሴቶች ፓቶሎጂ የሠሩ ባልደረባ

ዶክተር፣ ለመፈረም አለመቸኮልዎ ትክክል ነው። በመጀመሪያ ግን እጅዎ ላይ ያለው ወረቀት ገና ውጤት እንዳልሆነ መናገር እወዳለሁ። ስለ ማህጸን በር ስንነጋገር «ፒ16 ፖዘቲቭ» የሚለው ሐረግ ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ትርጉም የሚሰጠው የቀለሙ አሰፋፈር ነው።

ምክንያቱን ከሥሩ ብንመለከተው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ፒ16 በማንኛውም ጤናማ ሕዋስ ውስጥ ሊገኝ የሚችል፣ የሕዋስን መከፋፈል የሚገታ ፕሮቲን ነው። የሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ አደገኛ ዓይነቶች፣ በዕጢ ሕዋሳት ላይ በተለይም 16፣ 18 እና 45 የተባሉት፣ በሕዋሱ ውስጥ ሥር ሲሰድዱ ኢ7 የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን አርቢ የተባለውን የሕዋሱን ልጓም ይይዝና ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። በጤናማ ሁኔታ አርቢ የፒ16ን ምርት የሚቆጣጠር በመሆኑ፣ አርቢ ሲወገድ ሕዋሱ ያለማቋረጥ ፒ16 ያመርታል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ቫይረሱ በተቆጣጠራቸው ሕዋሳት ሁሉ ነው፤ ስለዚህ በእውነተኛው አዲኖካርሲኖማ ኢን ሲቱ ውስጥ ቀለሙ በዕጢው ዙሪያ ያለውን እያንዳንዱን ሕዋስ፣ ኒውክለሱንም ሳይቶፕላዝሙንም፣ ያለ ክፍተት በጠንካራ ሁኔታ ይሸፍናል። «ብሎክ» የምንለው አሰፋፈር ይህ ነው። ቃሉ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ለስኳመስ ሕዋስ (የማህጸን በሩን ፊት የሚሸፍነው ጠፍጣፋ ሕዋስ) ለውጦች በወጣው ስምምነት ቢሆንም ለዕጢዎችም በተመሳሳይ መንገድ እንጠቀምበታለን።

ቫይረስ በሌለበት ግን ፒ16 ጨርሶ አይታይም ማለት አይደለም። የማህጸን ቱቦን ወይም የማህጸን ውስጠኛ ግድግዳን የሚመስሉ ሕዋሳት በማህጸን በር ዕጢዎች ውስጥ ሲተኩ፣ ቱቦ-ኢንዶሜትሪያል ሜታፕላዢያ የምንለው አደገኛ ያልሆነ ለውጥ ማለቴ ነው፣ ፒ16 በአንዱ ሕዋስ ላይ ደምቆ ጎረቤቱን ባዶ ትቶት ያልፋል። በአካባቢያችሁ ምሳሌ ልናገርና፣ ብሎክ የሚባለው አሰፋፈር ጥቅጥቅ ብሎ እንደበቀለ የገብስ ማሳ ሲሆን ይህኛው ግን በገብሱ መካከል እዚህም እዚያም ብቅ እንዳለ ሲናር ነው። ሁለቱንም በአንድ «ፖዘቲቭ» ቃል የጻፈ ሰው ለእርስዎ ምንም አልነገረዎትም፤ እንዲያውም አሳስቶዎታል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የተቀቡትን ስላይዶች ያስመልሱና በራስዎ ዓይን ይመልከቱ።

ወደ ኪ-67 ልለፍ። ስሙ የመጣው ጸረ እንግዳ አካሉ መጀመሪያ ከተሠራባት ከጀርመኗ የኪል ከተማና ጸረ እንግዳ አካሉን ከሚያመነጨው የሕዋስ ዘር (ክሎን) ቁጥር ሲሆን፣ የሚያሳየው በመከፋፈል ዑደት ላይ ያሉ ሕዋሳትን ብቻ ነው። መከፋፈል ደግሞ የካንሰር ብቻ ጠባይ አይደለም፤ የተቆጣ ዕጢም ይከፋፈላል፣ ኢንዶሜትሪዮሲስም (ያለቦታው የበቀለ የማህጸን ውስጠኛ ሽፋን) ይከፋፈላል። በአዲኖካርሲኖማ ኢን ሲቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 በመቶ በላይ እናያለን፤ በቱቦ-ኢንዶሜትሪያል ሜታፕላዢያና በማይክሮግላንዱላር ሃይፐርፕላዢያ (አደገኛ ያልሆነ የትንንሽ ዕጢዎች መብዛት) አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ነው። የእርስዎ 12 በመቶ በመካከል የወደቀ ቁጥር ነው፤ ወደ አደገኛ ያልሆነው ወገን ቢያዘነብልም ብቻውን አይፈርድም። ቆጣሪው የትኞቹን ሕዋሳት እንደቆጠረም መጠየቅ ያስፈልጋል። በዕጢው ግድግዳ መካከል የሰረጉ ሊምፎሳይቶች (ነጭ የደም ሕዋሳት) አብረው ከተቆጠሩ ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ይላል፤ ጤናማዎቹ ዕጢዎች አብረው ከተቆጠሩ ደግሞ ያለ አግባብ ዝቅ ይላል። መቆጠር ያለባቸው ያጠራጠሩዎት አምስት ስድስት ዕጢዎች ብቻ ናቸው።

አንድ ጠቋሚ ብቻ መጨመር ከቻሉ ቢሲኤል-2ን ይምረጡ። በቱቦ-ኢንዶሜትሪያል ሜታፕላዢያና በኢንዶሜትሪዮሲስ ሳይቶፕላዝሙ ላይ በስፋት ይይዛል፤ በአዲኖካርሲኖማ ኢን ሲቱ ግን አይዝም ወይም እዚህም እዚያም ብቻ ይታያል። ከፒ16 በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሄድ ሁለቱ አብረው ሲነበቡ እርስ በርስ ይመሰካከራሉ። ሁለተኛ መጨመር ከቻሉ የኤስትሮጅን ተቀባይን ያዝዙ፤ የተጠቀሱት ሁለቱ አደገኛ ያልሆኑ ለውጦች በጉልህ ይይዙታል፣ ከቫይረሱ ጋር የተያያዘው አዲኖካርሲኖማ ግን ብዙ ጊዜ አጥቶት ወይም ደክሞበት ይገኛል። ሲኢኤ የተባለውን ጠቋሚ ቀደም ባሉት ዓመታት በብዛት እንጠቀምበት ነበር፤ ሳይቶፕላዝሙን ሞልቶ ሲይዝ የሚያሳስብ ምልክት ነው፣ ሳይዝ ሲቀር ግን ካንሰርን አያስቀርም። ባላቸው ውስን አቅም ለሚሠሩ ባልደረቦች ዛሬ አልመክረውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ወደ ኤች ኤንድ ኢ ስላይድዎ ይመለሱ። የዕጢው ሕዋሳት ጫፍ ላይ ሲሊያ (ጸጉር መሰል ጭረት) አለ ወይ? ሲሊያ ካለ፣ በጣም አልፎ አልፎ ከሚያጋጥም ለየት ያለ ዓይነት በስተቀር፣ ነገሩ ሜታፕላዢያ ነው። ማይቶሲሶቹ የተገኙት ወደ ዕጢው ቀዳዳ ባለው ጫፍ ላይ ነው ወይስ ከሥር? ከሥር በኩል የተሰባበሩ የሞቱ ሕዋሳት ይታያሉ ወይ? ጤናማው ሽፋን በአንዴ ተቆርጦ ወደ ጠቆረው ይለወጣል ወይስ ቀስ እያለ ይሸጋገራል? ጫፍ ላይ ያሉ ማይቶሲሶች፣ በርካታ የሞቱ ሕዋሳትና በአንድ ዕጢ ውስጥ በድንገት የሚቆረጥ ድንበር የአዲኖካርሲኖማ ኢን ሲቱ መለያዎች ናቸው።

ደግሞም በጥያቄዎ ውስጥ አንድ ነገር ጎድሎብኛል። ሴትዮዋ ከዚህ በፊት በማህጸን በራቸው ላይ የተደረገላቸው ነገር አለ? ሊፕ (በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚቆረጥ ሕክምና) ወይም ኮን ባዮፕሲ (በሾጣጣ ቅርጽ የሚቆረጥ ናሙና) ከተሠራ በኋላ ቱቦ-ኢንዶሜትሪያል ሜታፕላዢያ በብዛት ይከሰታል። የሦስት ወር መርፌ ይወስዳሉ? ሉፕ አላቸው? እርጉዝ ነበሩ? እነዚህ እያንዳንዳቸው ዕጢን የሚያስመስሉበት የየራሳቸው መንገድ አላቸው፤ የምርመራ መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ደግሞ እኛ በጨለማ እንዳክራለን።

መልስ 2
የሂስቶፓቶሎጂ ላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አነበብኩ፤ በቀለሙ ትርጉም ላይ የምጨምረው የለኝም። ስለ ናሙናው ጉዞ ግን ልናገር፤ ምክንያቱም ጠቋሚ የሚነበበው ናሙናው በደንብ ከተጠበቀ ብቻ ነው።

የሰሜን ሸዋ አየር በአንድ ዞን ውስጥ እጅግ የተለያየ መሆኑን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መሐል ሜዳ ላይ ሌሊት ውሃ እስኪረጋ ይበርዳል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ ቀን ጥላ ሥር እንኳ ይሞቃል። ፎርማሊን በብርድ ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ስለዚህ ከመንዝ አመሻሽ ላይ የተወሰደ ናሙና ማሞቂያ በሌለው ክፍል አድሮ በማግስቱ ጠዋት ወደ ማሽን ቢገባ ውስጡ በደንብ ያልተጠበቀ ሊሆን ይችላል። በቆላው በኩል ደግሞ ናሙናው ወደ ፎርማሊን እስኪገባ ጥቂት ቢዘገይ እንኳ ሕዋሳቱ በፍጥነት መበስበስ ይጀምራሉ። ለጡት ካንሰር ጠቋሚዎች የተቀመጠው ደንብ ለዚህም ጥሩ መመሪያ ነው፤ ናሙናው በተወሰደ በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፣ ከ6 ሰዓት ያላነሰ ከ72 ሰዓት ያልበለጠም ይቆይ።

ፎርማሊኑ ራሱ ባፈር የተደረገበት መሆን አለበት። ብዙ ቦታ ከጀሪካን የወጣው በውሃ ብቻ ቀጥኖ ሲሰጥ አይቻለሁ፤ ይህ እየቆየ አሲድ ይሆንና ቡናማ ብናኝ በህብረ ሕዋሱ ላይ ይጥላል፣ ጠቋሚዎችንም ያደክማል። አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ 100 ሚሊ ሊትር የጀሪካኑ ፎርማሊን፣ 900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 4 ግራም ሞኖቤዚክ ሶዲየም ፎስፌት እና 6.5 ግራም ዳይቤዚክ ሶዲየም ፎስፌት ነው። መጠኑም ከናሙናው 10 እጥፍ ይሁን። ናሙናን በግሉኮስ ጠርሙስ ወይም በሳላይን ውስጥ አድርጎ በሚኒባስ መላክ ግን ሴትዮዋን ዳግመኛ እንድትቆረጥ መፍረድ ነው።

ዶክተር ብሎኩን እንጂ የተቆረጡ ስላይዶችን አለመላክዎ ጥሩ ነው። በፓራፊን የተያዘ ብሎክ ለዓመታት ይቆያል፤ ተቆርጦ ሳይቀባ የተቀመጠ ስላይድ ግን በሳምንታት ውስጥ እየደከመ ይሄዳል፣ ኪ-67 ደግሞ ከሚደክሙት መካከል ነው። ነገር ግን ናሙናው ትንሽ በሚሆንበት ጊዜ ብሎኩ በተደጋጋሚ ማሽን ላይ በተጫነ ቁጥር ፊቱን ለማስተካከል ሲባል ብዙ ሥጋ ይባክናል፣ ያጠራጠሩት ዕጢዎችም ሊያልቁ ይችላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ሲቆረጥ በአንድ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ስላይዶች ተቆርጠው ቀሪዎቹ ለጠቋሚ እንዲቀመጡና ቶሎ እንዲላኩ ቢደረግ ይሻላል።

የተመለሱልዎትን ስላይዶች ሲመለከቱም መጀመሪያ የማነጻጸሪያውን ሥጋ ይዩ። ለኪ-67 የቶንሲል ሥጋ፣ ለፒ16 አሰፋፈሩ ብሎክ መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ የማህጸን በር ናሙና መኖር አለበት። ማነጻጸሪያ ባይኖር እንኳ በራሱ በናሙናው ውስጥ ይፈልጉ፤ የስኳመሱ ሽፋን የታችኛዎቹ ረድፎች ላይ ኪ-67 ካልያዘ፣ የስትሮማው (በዕጢዎቹ ዙሪያ ያለው ደጋፊ ህብረ ሕዋስ) ሕዋሳትም የኤስትሮጅን ተቀባይን ካልያዙ፣ በዕጢዎቹ ላይ የሚያዩት ባዶነት የሕዋሱ ሳይሆን የአሠራሩ ነው።

መልስ 3
የማህጸንና ጽንስ ሐኪም፣ ሰሜን ሸዋ

በቀዶ ሕክምና በኩል ያለነው ሰዎች ወረቀቱን ስናነብ የምንሳሳተው ሳናውቅ ብቻ አይደለም፤ ፈርተንም ነው። ከሩቅ የመጣች ሴት ተመልሳ ላትመጣ ትችላለች በሚል ስጋት ዛሬውኑ የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ እንፈልጋለን። ይህን የምለው ባልደረባዬን ለመከላከል ሳይሆን ነገሩ ከየት እንደሚመጣ ለማሳየት ነው። ሆኖም በዚህ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ማህጸን ማውጣት ትክክል አይደለም።

ጠቋሚዎቹ አዲኖካርሲኖማ ኢን ሲቱን ቢያረጋግጡ እንኳ ቀጣዩ ሥራ ማህጸን ማውጣት አይሆንም። ፒ16 በቦታው ተወስኖ ባለውም ወደ ውስጥ በዘለቀውም ካንሰር ላይ አንድ ዓይነት ስለሚይዝ ወረራ መኖሩንና አለመኖሩን አይነግረንም። ያን የሚነግረን በቢላዋ ወይም በሊፕ በአንድ ቁራጭ የሚወጣ፣ ያልተሰባበረ፣ ርዝመቱ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ናሙናና ከእርሱ በላይ ከቀረው ቦይ የሚጠረግ ናሙና ነው። ማህጸኑ በመጨረሻ የሚወጣ ቢሆን እንኳ ይህ አስቀድሞ መደረግ አለበት፤ አለዚያ ወራሪ ካንሰር ያለባትን ሴት በቀላል ቀዶ ሕክምና አክመን ልንሸኛት እንችላለን። መውለድ ለምትፈልግ ሴት ደግሞ የቁራጩ ዳርቻ ንጹሕ ከሆነ ማህጸኗን ጠብቆ በቅርብ መከታተል ተቀባይነት ያለው መንገድ ነው። የዕጢ ለውጥ በቦዩ ውስጥ አንዳንዴ እየዘለለ ስለሚገኝ ክትትሉ በቀላሉ የሚታይ አይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። በጤና ጣቢያዎቻችን ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ምርመራ ብዙ ሕይወት የሚያድን ቢሆንም በዓይን የሚታየውን የማህጸን በር ፊት ብቻ ያሳያል፤ የዕጢዎቹ ለውጥ ግን ብዙ ጊዜ ቦዩ ውስጥ ተሰውሮ ይቀመጣል። ስለዚህ «ነጭ ነገር አልታየም» ተብላ የተመለሰች፣ ደም ግን የማይተዋት ሴት ስትመጣ ያ ውጤት ሊያዘናጋን አይገባም።

ስለ ቃላችንም እናስብ። በአማርኛ «ዕጢ» ስንል ጤናማውን ፈሳሽ አመንጪ አካልም በሽታ የሆነውን እባጭም በአንድ ስም እንጠራለን። «ዕጢዎችሽ ላይ ለውጥ አለ» የተባለች እናት የምትሰማው «ካንሰር አለብሽ» የሚለውን ነው። እኔ ለታካሚዎቼ «በማህጸን በርሽ ቦይ ውስጥ ፈሳሽ የሚያመነጩ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ፤ የጉድጓዶቹ ግድግዳ መልኩን ስለቀየረ ምን እንደሆነ እያጣራን ነው» እላቸዋለሁ። ይረዝማል፤ ነገር ግን ተረድተው ይሄዳሉ፣ በቀጠሯቸውም ይመለሳሉ።

መልስ 4
ፓቶሎጂስት፣ አዲስ አበባ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ፒ16 ያለ አግባብ ሲያስደነግጥ ነው። በተቃራኒው ያለ አግባብ የሚያዘናጋበትም ጊዜ አለ፤ እንዳይረሳ ብዬ ነው የምጽፈው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ምደባ የማህጸን በር አዲኖካርሲኖማ ከቫይረሱ ጋር የተያያዘና ከቫይረሱ ጋር ያልተያያዘ ተብሎ በሁለት ተከፍሏል። ሁለተኛው ወገን ቁጥሩ ያነሰ ቢሆንም ጠባዩ የከፋ ነው፤ ከእነርሱም ዋናው የጨጓራ ዓይነት የተባለው አዲኖካርሲኖማ ነው። በዚህ ካንሰር ፒ16 አብዛኛውን ጊዜ ብሎክ ሆኖ አይገኝም፣ ብዙ ጊዜም ጨርሶ አይዝም። በጣም የሠለጠነው ዓይነቱ ደግሞ ሕዋሳቱ ሐመር ብርሃናማ፣ ኒውክለሱ ትንሽና ከሥር የተቀመጠ በመሆኑ መደበኛ ዕጢ መስሎ ያታልላል። የሚያጋልጠው ሥፍራው ነው፤ ዕጢዎቹ ቅርጻቸው የተዛባና ጤናማ ዕጢ ከማይደርስበት ጥልቀት የወረዱ ሆነው ይታያሉ፣ ትንሽ ናሙና ደግሞ ይህን ጥልቀት አያሳይም። ውሃ መሰል ብዙ ፈሳሽ የሚወርዳት፣ ማህጸን በሯም ደንደን ያለ ሴት ስትገኝ ላይ ላዩን በተወሰደ ናሙና «ፒ16 ኔጋቲቭ ስለሆነ ሰላም ነው» ብሎ መጻፍ ትልቅ ስሕተት ነው።

እዚህ ላይ የሚረዳው ፒ53 የተባለው ጠቋሚ ነው። በጨጓራው ዓይነት ግማሽ በሚሆኑት ላይ የተለወጠ አሰፋፈር ያሳያል፤ ይኸውም ሁሉም ሕዋሳት በጥንካሬ የሚይዙት ወይም ሁሉም ፈጽሞ ባዶ የሚሆኑበት ነው። ግማሽ ማለት ግን ግማሽ ነው፤ መደበኛ ሆኖ ቢገኝም ካንሰሩን አያስቀርም። ሙክ-6 እና ኤችአይኬ1083 የጨጓራን ዓይነት ፈሳሽ ያሳያሉ፤ ነገር ግን ሎቡላር ሃይፐርፕላዢያ የተባለውም አደገኛ ያልሆነ ለውጥ ስለሚይዛቸው ዓይነቱን እንጂ አደገኛነቱን አይነግሩንም። ተመሳሳይ ነገር በማህጸን በር የጎን ግድግዳዎች ላይ በሚገኙት የሜሶኔፍሪክ ቅሪቶች (ከጽንስ ጊዜ የቀሩ ቱቦዎች) ላይ እናያለን፤ ጋታ-3 የተባለው ጠቋሚ ቅሪቱም ካንሰሩም ላይ ይይዛል።

ይህ የእርስዎ ናሙና የጨጓራው ዓይነት አይመስለኝም፤ የገለጹት መልክ ሌላ ነው።

መልስ 5
ጠያቂዋ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ምክራችሁን ተከትዬ ያደረግሁትንና ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሴትዮዋን ራሳቸውን በስልክ ጠየቅኋቸው። ከአራት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ከዘመድ ቤት ሆነው ሲታከሙ በማህጸን በራቸው ላይ «በሽቦ የሚቆረጥ ሕክምና» እንደተደረገላቸው ነገሩኝ። ሊፕ መሆኑ ግልጽ ነው። መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ የታሪክ ቦታው ባዶ ነበር፤ እኔም ሳልጠይቅ መቀበሌ ጥፋቴ ነው።

ቀጥሎ ኤች ኤንድ ኢውን ከፍ ባለ ማጉያ፣ ኮንደንሰሩን ዝቅ አድርጌ እንደገና አየሁት። ካጠራጠሩኝ ዕጢዎች በአራቱ ላይ ሲሊያ አለ። ፊት ለፊቴ የነበረ ነገር ነው፤ የኒውክለሶቹ ጥቁረት ዓይኔን ስለያዘው የሕዋሱን ጫፍ አላየሁትም ነበር። ሁለቱ ማይቶሲሶች የተገኙት ሲሊያ ባለበት ዕጢ አጠገብ ባለ ጤናማ ሽፋን ላይ ነው፤ የሞቱ ሕዋሳት የሉም።

የተቀቡት ስላይዶችም ተመለሱልኝ። ፒ16 ልክ እንደተባለው ሲናር ነው፤ አንዱ ደምቆ፣ ሁለቱ ባዶ፣ አንዱ ደብዝዞ። በማነጻጸሪያው ሥጋ ላይ ብሎክ ሆኖ ስለያዘ የአሠራር ጉድለት አይደለም። ኪ-67ን ራሴ ባጠራጠሩት ዕጢዎች ላይ ብቻ ስቆጥር 6 በመቶ ሆነ፤ በግድግዳው ውስጥ ያሉ ሊምፎሳይቶች ብዙዎቹ ይዘውት ነበር። ቢሲኤል-2 አዝዤ ትናንት ደረሰ፤ በሁሉም ላይ በስፋት ይዟል። የኤስትሮጅን ተቀባይም በጉልህ አለ።

ሪፖርቱን እንዲህ ብዬ ጽፌዋለሁ፦ «ከዚህ በፊት ሊፕ በተደረገበት የማህጸን በር ላይ የታየ ቱቦ-ኢንዶሜትሪያል ሜታፕላዢያ፤ ፒ16 በከፊልና በተበታተነ ሁኔታ የያዘ፣ ብሎክ ያልሆነ፤ በተመረመረው ናሙና ውስጥ አዲኖካርሲኖማ ኢን ሲቱ ወይም ወራሪ ካንሰር አልታየም።» «በተመረመረው ናሙና ውስጥ» የሚለውን የጻፍኩት አስቤ ነው፤ የቦዩ ላይኛው ክፍል አልታየምና።

የሚያክማቸውን ሐኪም ቢሮው ድረስ ሄጄ ስላይዱን በማይክሮስኮፕ አሳየሁት። ሊፕ የተደረገበትን ምክንያት ለማወቅ የቀድሞ ወረቀታቸውን እንዲያመጡ፣ ኮልፖስኮፒ (የማህጸን በርን በማጉያ ማየት) እና የቦዩ ናሙና በሚቀጥለው ወር እንዲደረግላቸው ተስማማን፤ ደሙ ከየት እንደመጣ ገና አልታወቀምና ይህ ሳይጣራ አይቆይም። ማህጸን የማውጣቱ ቀጠሮ ተሰርዟል። ሴትዮዋ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁኝ «እንግዲያው የልጁ ነገር?» ብለው ነው። የቦዩ ውጤት ሲደርስ እዚሁ እመለሳለሁ።